ምርቃት ያቋረጥኩበት የገና ጠዋት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ገላን ኮንዶሚኒየም ያሉ ጎረቤቶቼ ሰማይ ላይ ለሚሆነው ነገር ሁሉ ተጠያቂ አድርገውኛል። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ካለፈ እኔ ነኝ፤ ጮሆ የተኛ ልጅ ከቀሰቀሰም እኔ ነኝ። በቀደም ከታች ያለችው ጫልቱ ልብስ እያሰጣች ቀና ብላ አየችና፣ «እትዬ ዘነቡ! ይኼኛው ደግሞ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚዞረው?» ብላ ጮኸች።

«ተራ እየጠበቀ ነው» አልኳት ከበረንዳዬ።

«ታክሲ ነው እንዴ ተራ የሚጠብቀው?»

«አዎ፣ ታክሲ ነው። ችግሩ ቆሞ መጠበቅ አይችልም።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሥራሽን በአጭሩ ንገሪን ብባል ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ቆመው መጠበቅ የማይችሉ ነገሮችን ሳይነካኩ ተራ ማስያዝ። የበረራ ተቆጣጣሪ ማለት ይኸው ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ነው።

የጡረታዬ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ምሳ አብልቶኝ ነበር። ልጆቹ «ከሥራ ዘመንዎ የማይረሱትን አንድ ነገር ይንገሩን» አሉኝ። ተነሥቼ፣ በረሃ ሳለሁ ማኮብኮቢያው ላይ ተኝቶ አልነሣም ስላለ አንድ ግመል አወራሁላቸው፤ ሳቁ፤ ኬኩ ተቆረሰ። እውነቱን ለመናገር ግመሉን ከረሳሁት ቆይቻለሁ፤ ያን ዕለት ነው ትዝ ያለኝ። የማልረሳቸው ጋሽ ወንድይራድን ነው። የእሳቸው ነገር ደግሞ ኬክ ፊት ቆመው የሚያወሩት አይደለም።

የተወለድኩት እዚሁ አቃቂ ነው። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። «አውሮፕላን ማረፊያ ተቀጠርኩ» ስለው ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ አስተናጋጅ ሆነች» ብሎ አወጀ። ሰፈሩም በሻርፕና በሽቶ ታጅቤ እመጣለሁ ብሎ ሲጠብቅ እኔ በሹራብና በሸራ ጫማ ብቅ አልኩ። «አይ፣ እኔ እንኳን ከመሬት ሆኜ ነው የማዛቸው» ብል ማን ይመነኝ። አባቴ ራሱ ነገሩ የገባው ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቆላ ነበር። ሙቀቱን አልነግራችሁም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አሸዋው መስኮቱን ይሸፍነውና አውሮፕላኑን በጆሮ ነበር የምንጠብቀው። አለቃችን ጥሩ ሰው ነበር፤ አንድ ክፉ አመል ግን ነበረበት፤ ያለችንን አንዲት ቬንትሌተር ወደ ሄደበት ሁሉ ይዟት ይሄዳል። ስለ ደሞዙ ብዙ የሚወራ የለም። የበረሃ አበል የሚሏት ነገር ነበረች፤ እሷም በስልክ ካርድ አለቀች።

ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በተራራ ወደተከበበች አንዲት የክልል ከተማ ተዛወርኩ። ከተማዋን ስሟን አልጠራም፤ የሠራንባት ሰዎች እናውቃታለን። ትንሽ ኤርፖርት ናት፤ በዓል ሲደርስ ግን ጉድ ይፈላል። መደበኛው በረራ በእጥፍ ይጨምራል፣ ቱሪስት የጫነ ቻርተር የምንለው የኪራይ አውሮፕላን ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ እኛ ደግሞ ያው እኛው ነን።

አሁን ያሉት ልጆች አውሮፕላኑን ስክሪን ላይ ያዩታል፤ እሰየው። እኛ በዚያን ጊዜ እዚያ ራዳር አልነበረንም። አውሮፕላኑ ተራራውን ዞሮ ለዓይን እስኪታይ ድረስ ያለን የፓይለቱ ቃል ብቻ ነው፤ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ እሱ ይነግረናል። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ስትሪፕ የምንላት ጠባብ ወረቀት አለችው። የፈቀድንለትን ከፍታ እዚያች ላይ እንጽፋለን። ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ መስመር ላይ የሚገናኙ ከሆነ በመካከላቸው ቢያንስ የአንድ ሺህ ጫማ የከፍታ ልዩነት መኖር አለበት። ሥራው ይኸው ነው። ያቺን አንድ ሺህ ጫማ ማንም እንዳይነካት መጠበቅ።

ይኼን ያስተማሩኝ ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ፣ መሬት ላይ ሲሆኑ ወሬኛ፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ግን ሌላ ሰው። ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። «ምነው ጋሼ፣ ሊበሉ ነው እንዴ?» ብዬ ስቀልድ፣ «ከመብላትማ ይበልጣል» አሉኝ። ሻይ አጠገባቸው አይደርስም። ስትሪፖቹን ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይደረድራሉ፤ እርሳሳቸው ሁልጊዜ አጭር ናት፤ ረጅም እርሳስ ያዘናጋል ይላሉ፣ ምክንያቱን ጠይቄ አልተነገረኝም።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው «ተናገሪ፣ ስሚ፣ ከዚያ ጻፊ» ነው። ትእዛዙን ለፓይለቱ ትናገሪያለሽ፤ ፓይለቱ ደግሞ ሲመልስልሽ ትሰሚያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ቀድሞ የጻፈ ሰው የተናገረ ይመስለዋል ይላሉ። አንድ ጊዜ ቀድሜ ስጽፍ አዩኝና እርሳሴን ከእጄ ወስደው ሙሉ ተራዬን ያለ እርሳስ አሠሩኝ። ስናደድ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን ቀድሜ አልጻፍኩም።

ሁለተኛው፣ በሬዲዮ ሰላምታ የለም። የእኛ ሰው አመል ይታወቃል፤ እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ ካልተባለ ሥራ የጀመረ አይመስለውም። ፓይለቶቹም ያው የኛው ልጆች ናቸው፤ በዓል ሲሆን በእንግሊዝኛ ጀምረው በአማርኛ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለታቸው አይቀርም። ሌሎቻችን እንመልሳለን። ጋሽ ወንድይራድ ግን ዝም ነው። ከተማው ውስጥ «ኩሩ» ያላቸው አለ። ፓይለቱ መሬት ሲወርድ ግን ደረጃውን ወርደው ሄደው አቅፈው የሚስሙት እሳቸው ነበሩ።

ያ ገና፣ ጡረታቸው ከመድረሱ በፊት ሥራ ላይ የሚያሳልፉት የመጨረሻ ገናቸው ነበር። ይኼን ሁላችንም እናውቃለን፤ ፓይለቶቹም ያውቃሉ። ጠዋት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። እሳቸው ማይኩን ይዘዋል፤ እኔ ጎናቸው ተቀምጬ ከአዲስ አበባ ጋር በስልክ የሚገናኘውን ሥራ እሠራለሁ። አንድ የውጭ አገር ፓይለቶች የሚያበሩት ቻርተር ቱሪስቶቹን አራግፎ ተነሥቷል፤ እስከ አሥራ አራት ሺህ ጫማ እንዲወጣ ተፈቅዶለታል። ከአዲስ አበባ የሚመጣውና ካፒቴን ኤልያስ የሚያበረው የመንገደኞች አውሮፕላን ነፋስ ረድቶት ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ቀረበ። ስለዚህ ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸው።

ችግር የለውም፤ የየቀን ሥራችን ነው። ጋሽ ወንድይራድ «ኤልያስን አሥራ ሦስት ሺህ ላይ አቆየዋለሁ፣ ቻርተሩን አሥራ ሁለት ላይ አቆመዋለሁ» አሉኝ። ለካፒቴን ኤልያስ ነገሩት፤ መለሰላቸው። ከዚያ እርሳሷን አንሥተው በቻርተሩ ወረቀት ላይ አሥራ አራትን ሰርዘው አሥራ ሁለት ብለው ጻፉ። ገና አልተናገሩም ነበር። ማይኩን ወደ አፋቸው እያስጠጉ ሳለ ካፒቴን ኤልያስ በአማርኛ ገባ።

«ጋሽ ወንድይራድ፣ እንኳን አደረሰዎት! የመጨረሻዎ ነው አሉ፤ ዛሬስ ሳይመርቁን አይለቁንም!»

እንደ ወትሯቸው ዝም ይላሉ ብዬ ነበር። ፊታቸውን አየሁት፤ ፈገግ ብለዋል። ካፒቴኑን በረዳት ፓይለትነት ከጀመረበት ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል፤ ሠርጉ ላይ ሽማግሌ ሆነው ቆመውለታል።

«እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ!» አሉ። «ለከርሞ በጤና ያድርስህ።»

«አሜን!»

«ልጆችህን ያሳድግልህ።»

«አሜን!»

ያኔ ነው ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ያረፈው። አሥራ ሁለት ይላል። አሥራ ሁለት ሲባል ግን አልሰማሁም።

«ጋሼ፣ ቻርተሩን እኮ አልነገሩትም» አልኳቸው።

መዳፋቸውን አነሡብኝ፤ ቆይ ማለታቸው ነው። ሰው ሲመርቅ አይቋረጥም። ይኼን ማንም አላስተማረንም፤ አብሮን ያደገ ነው። በበዓል ቀን፣ ታላቅ ሰው አፉን ለምርቃት ሲከፍት አንገት ደፍቶ አሜን ይባላል እንጂ ጣልቃ አይገባም። አገሬው ሁሉ የሚያከብረውን ደንብ ነበር ያከበሩት።

«ወጥተህ ግባ፤ ከክፉ ነገር ይሰውርህ...»

እጃቸው ላይ ያለውን ማይክ ነጠቅኩ። ሌላ ቃል የለውም። ጣታቸውን ከመናገሪያ ቁልፉ ላይ አላቅቄ ነው የወሰድኩት።

«ቻርተር፣ መውጣት አቁም! ከፍታህን ንገረኝ!» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ፓይለቱ አሥራ ሁለት ሺህ ስምንት መቶን እያለፈ መሆኑን በረጋ ድምፅ ነገረኝ። ምን ያድርግ፣ አማርኛ አይሰማ፤ የሰጠነው አሥራ አራት ነው። ቶሎ እንዲወርድ ነገርኩት። ካፒቴን ኤልያስ ወደ ላይ እንዲመለስ ነገርኩት። ሁለተኛውን ተናግሬ ሳልጨርስ ከካፒቴኑ ድምፅ ኋላ የአውሮፕላኑ የግጭት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ተሰማኝ። ከዚያ ካፒቴን ኤልያስ በእንግሊዝኛ፣ በቀስታ፣ «አየሁት። ከሥሬ አለፈ» አለ።

አንድ ሺህ ጫማ ሊኖር በሚገባበት ቦታ ላይ ሦስት መቶ እንኳን አልነበረም። ሰው አልተጎዳም። መንገደኞቹ ወርደው፣ ሻንጣቸውን ይዘው፣ ዶሮ ወጣቸውን ሊበሉ ሄዱ። አብዛኞቹ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ጋሽ ወንድይራድ ወረቀቱን አዩት። ከዚያ «ቀጥይ» አሉኝና ተነሥተው ከኋላ ያለው ወንበር ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ ሠራሁ።

ጉዳዩ እስኪጣራ ሁለታችንም ከሥራ ወጥተን አዲስ አበባ ተጠራን። እኔ አቃቂ አባቴ ቤት ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር፤ የደረሰው ግን ሌላ ወሬ ነው። ስለ አውሮፕላኖቹ የሚያወራ የለም። «ዘነበች የጋሼን ማይክ ነጠቀች፤ በገና ቀን ምርቃታቸውን በአፋቸው አስቀረችባቸው» ነው የሚባለው። አብረን የበላን ሰዎች ስደውልላቸው ስልክ አያነሱም።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች አባቴ ቤት መጡ። አንደኛው ሳሪስ የሚኖሩ፣ ቀድመውን ጡረታ የወጡ የሙያችን ሰው ናቸው። ባልደረቦቼ ናቸው የላኳቸው። ለስላሳ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም። ነገር ሊለምኑ የመጡ ሰዎች መሆናቸው በዚያ ታወቀ።

«ልጄ» አሉ የሳሪሱ ሰው፣ «ወንድይራድ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት እንከን የለበትም። ሊወጣ ወራት ቀሩት። አሁን ፈቃዱን ቢነጠቅ ይህ ሰው ምን ሆኖ ይኖራል? ሬዲዮው ይረብሽ ነበር በይ። ትእዛዙን ተናግሮ፣ ድምፁ ተቆራርጦ ሳይደርስ ቀረ በይ። ማንም አይጎዳም።»

«ሬዲዮው ደህና ነበር፣ አባቴ» አልኩ።

«እሱንማ እኛም እናውቃለን» አሉ። «ዋሺ አላልንሽም። ሰው አድኚ ነው ያልንሽ።»

አባቴ ደግሞ፣ «ታስብበት» ብሎ በአክብሮት ሸኛቸው። በሩን ዘግቶ ሲመለስ፣ «እውነት ሰውየው ለቻርተሩ አልነገሩትም ነበር?» አለኝ።

«አልነገሩትም።»

«እንግዲያው ምኑን ነው የምታስቢበት?» አለ። ቁጭ ካለ በኋላ ግን «ሰውየው አሳዘኑኝ» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። እኔንም ያንገበገበኝ ይኸው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

አጣሪዎቹ ፊት ስቀርብ ጋሽ ወንድይራድ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየሽ እንዲህ ሆነ ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። እያየኋቸው ተናገርኩ። ቀድመው መጻፋቸውን፣ ለቻርተሩ አለመናገራቸውን፣ ምርቃቱን፣ መዳፋቸውን ማንሣታቸውን። ስጨርስ ሰብሳቢው ወደ እሳቸው ዞረና፣ ሊረዳቸው እንደፈለገ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ጋሽ ወንድይራድ፣ ያን ቀን ሬዲዮው ምንም እክል አልነበረበትም?» አላቸው።

«እንዳለችው ነው» አሉ።

ኮሪደር ላይ ጠብቀው አገኙኝ። «ሽማግሌ ልከውብሽ ነበር አሉ» አሉኝ። «እኔ አላክሁም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ዕወቂው» ብለው ሄዱ።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ የእሳቸው ፈቃድ ግን ታገደ። ዳግም ሥልጠና ወስደው፣ ሥራ ላይ ሆነው ከተፈተኑና ካለፉ ይመለስላቸዋል ተባለ። አለቃችን አቶ ጌታሁን ጠብ የማይወድ ሰው ነው፤ «ጋሼ፣ ምን አደከመዎት፤ የቀረችዎትን ወራት ቢሮ ቁጭ ብለው ይጨርሱ፤ ጡረታዎ አይነካ» አላቸው። እምቢ አሉ። እሳቸው የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከወንበራቸው ላይ ተነሥተው ጡረታ መውጣት። ከቢሮ ሳይሆን ከወንበራቸው። ለዚህ ሲሉ የልጅ ልጆቻቸው ዕድሜ ካላቸው ልጆች ጋር ክፍል ገብተው ተማሩ።

የሥራ ላይ ፈተናው ቀን ሲደርስ፣ ፈታኟ እኔ እንድሆን የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ያኔ የመፈተን ፈቃድ ነበረኝ። አቶ ጌታሁን ደስ አለው። «እንግዲህ ታሳልፊያቸዋለሽ» አለኝ፣ እየሳቀ። «ያቋረጥሽውን ምርቃት ትከፍያለሽ።» የመቆጣጠሪያ ማማው ሰው ሁሉ እንደዚያ አሰበ። ስልኬን የማያነሱ የነበሩት ሁሉ ያን ጠዋት ሰላም አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ላሳልፋቸው ነበር የሄድኩት። ይገባቸዋል ብዬ ነበር።

እጃቸውን ታጠቡ። ተቀመጡ። እኔ ጎናቸው ሆንኩ።

ስሕተት ብፈልግ አላገኘሁም። ይናገራሉ፣ ይሰማሉ፣ ከዚያ ይጽፋሉ። ግን የተናገሩትን ደግመው ይናገራሉ። ፓይለቱ መልሶላቸው እያለ «እርግጠኛ ነህ?» ይላሉ። አንድ ሺህ ጫማ በሚበቃበት ሦስት ሺህ ያስቀምጣሉ። ሁለት አውሮፕላን ሳለ ይኼ ጥንቃቄ ነው። አራተኛው ሲመጣ ግን ሰማዩ ጠበባቸው። ሊያርፍ የሚችለውን አውሮፕላን ያዞሩታል፤ ፓይለቱ «ለምንድን ነው የምዞረው?» ሲል የሚመልሱት የላቸውም። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ሆኖ ሳይጫነው ይቆያል፤ የሚጠራቸው ይጠራል፣ ይጠራል። እኔ ሁለት ጊዜ ገብቼ መለስኩ። እሳቸው አላስተዋሉም።

ያን ጊዜ ገባኝ። የገናው ስሕተት አልነበረም የጣላቸው። ከገና በኋላ የገባባቸው ፍርሃት ነው። ፈሪ ተቆጣጣሪ ደግሞ ከደፋር ተቆጣጣሪ አይሻልም። ይኼን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

አውሮፕላኖቹ አርፈው ጋብ ሲል ወደ እኔ ዞሩ። ላብ ግንባራቸው ላይ ነበር።

«እሺ፣ ልጄ?»

ሌላ መንገድ ፈለግኩ። ሌላ ቀን እንሞክር ልል አሰብኩ። የሳሪሱ ሽማግሌ ፊት፣ የአቶ ጌታሁን ሳቅ፣ ሁሉም መጣብኝ። ወራት ነው የቀራቸው፤ ማን ይጎዳል? ከዚያ በአእምሮዬ በዓል ሲደርስ፣ ቻርተሩ ሲበዛ፣ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ቆሞ ታየኝ።

«አላሳልፍዎትም፣ ጋሼ» አልኩ።

ማዳመጫውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ፤ በመሐረባቸው ጠረጉት፤ ገመዱን ሳያጣምሙ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። በመስኮቱ ውጭውን አዩ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀስ ብለው ተነሡ፤ ወንበሩን በእጃቸው ወደ እኔ መለሱት።

«ሁለት እየመጣብሽ ነው» አሉኝ። «ወንበሩ ባዶ አይሁን። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጠራኝ፤ መለስኩለት። ሁለተኛው ጠራኝ፤ ለእሱም መለስኩለት። ሁለቱም እስኪያርፉ ድረስ አላለቀስኩም።